እናቴ ካርዱን አሳይታኝ ነበር፤ እኔ አላነበብኩትም



ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ በሽታ ሳይሆን ስለ ሜዲኬር ምዝገባ ነው። ሐኪም ሆኜ በገዛ ቤቴ የተሳሳትኩት ነገር ነው። አሜሪካ ውስጥ 65 ዓመት የሞላቸው ወይም ሊሞላቸው የተቃረበ ወላጆች ካሏችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ነገሩ የሆነው በ2024 የፋሲካ ዋዜማ ነው። እናቴ ለዶሮው ሽንኩርት እያቁላላች ነበር። እኔ ቅመም ፍለጋ መደርደሪያውን ስከፍት የደም ግፊት መድኃኒቷን አገኘሁ። ኪኒኖቹ በሙሉ በቢላ ለሁለት ተከፍለዋል።

«እማዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«እንዲበረክትልኝ ብዬ ነው» አለችኝ፣ ቀና ሳትል።

ግፊቷን ስለካው 182 በ104 ነው። ራሷን አላመማትም፤ አላዞራትም። የደም ግፊት እንዲህ ነው፤ ምንም ምልክት ሳያሳይ ልብንና ኩላሊትን ይጎዳል።

ቁጭ አድርጌ ስጠይቃት ኢንሹራንሷ ከፌብሩዋሪ መጨረሻ ጀምሮ ተቋርጧል። ሁለት ወር ሙሉ አልነገረችኝም። «አንቺ ሥራ ይበዛብሻል፤ ምን ብዬ ላስጨንቅሽ» አለች።

እኔ ግን ሜዲኬር እንዳላት ነበር የማውቀው። ጡረታ የወጣች ጊዜ ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊውን ካርድ አምጥታ «መጣልኝ» ብላ አሳይታኛለች። እኔም «እንኳን ደስ አለሽ» ብዬ መልሼላታለሁ። የዚያን ዕለት ማታ ካርዱን አውጥተን ስናነበው «ሆስፒታል፣ ፓርት ኤ» የሚል መስመር ብቻ ነው ያለው። «ሜዲካል፣ ፓርት ቢ» የሚለው የለም።

ፓርት ኤ በዋናነት ሆስፒታል ለመተኛት ነው። የሐኪም ቀጠሮ፣ ላቦራቶሪ፣ ራጅ፣ ሆስፒታል ሳይተኙ የሚደረግ ሕክምና በፓርት ቢ ነው የሚሸፈነው። ከፋርማሲ የምንወስደው መድኃኒት ደግሞ ፓርት ዲ ነው። እናቴ በእጇ የነበረው የመጀመሪያው ብቻ ነው።

እንዴት እዚህ ደረሰች? 65 ዓመት ሲሞላት ትልቅ ሆቴል ውስጥ በጽዳት ትሠራ ነበር፤ ኢንሹራንሷም ከሥራዋ ነበር። ስለዚህ ፓርት ቢን ማቆየቷ ስህተት አልነበረም። በኦገስት 2022 መጨረሻ፣ በ67 ዓመቷ ጡረታ ወጣች። ከዚያ በኋላ ኮብራ ወሰደች። ኮብራ ማለት ከሥራ ከወጡ በኋላ የድሮውን ኢንሹራንስ ሙሉ ዋጋውን ከኪስ እየከፈሉ ማቆየት ነው፤ ለእሷ 18 ወር ነበር። ካጠራቀመችው እየከፈለች ያዘችው። «ኢንሹራንስ አለኝ፣ ፓርት ቢው ይቆይ» አለች። ልክ አይደለም ያላት ሰው አልነበረም። እኔም አልጠየቅኳትም።

የሜዲኬር ሕግ ግን የሚቆጥረው ኢንሹራንሱ ካለቀበት ቀን ሳይሆን ሥራው ካለቀበት ቀን ነው። ከሥራ ስትወጣ ለመመዝገብ የተሰጣት ጊዜ 8 ወር ነበር። ኮብራዋን እየከፈለች ሳለች፣ በኤፕሪል 2023 አለቀ። በየዓመቱ ከጃንዋሪ 1 እስከ ማርች 31 የሚከፈት ሌላ የምዝገባ ጊዜ አለ፤ እኔ ኪኒኖቹን ያገኘሁት እሱም ከተዘጋ አንድ ወር ካለፈው በኋላ ነው። እስከ ጃንዋሪ 2025 መጠበቅ ግድ ሆነ።

እናንተ እዚህ እንዳትደርሱ፣ እነዚህን ያዙልኝ።

1. ሜዲኬር በ65 ነው፤ በ67 አይደለም። በ1960 እና ከዚያ በኋላ ለተወለዱ ሰዎች ሙሉ የጡረታ ዕድሜ 67 ነው። ብዙ ሰው ሁለቱ አብረው የሚመጡ ይመስለዋል። ሶሻል ሴኩሪቲ መቀበል ያልጀመረ ሰው ሜዲኬር በራሱ አይመጣለትም፤ ማመልከት አለበት።

2. የመጀመሪያው የምዝገባ ጊዜ 7 ወር ነው። 65 ከሚሞላበት ወር በፊት 3 ወር፣ ያ ወር ራሱ፣ ከዚያ በኋላ 3 ወር። የሚቆጠረው ወረቀት ላይ ያለው የልደት ቀን ነው። ብዙ ወላጆቻችን ወረቀታቸው ላይ ጃንዋሪ 1 ተብሎ ተጽፏል። ሜዲኬር በወሩ 1ኛ ቀን የተወለደን ሰው ባለፈው ወር እንደተወለደ ነው የሚያየው። ስለዚህ ለጃንዋሪ 1 ተወላጅ ጊዜው ከሴፕቴምበር እስከ ማርች ነው።

3. «ኢንሹራንስ አለኝ» የሚለው መልስ አይበቃም። ያለ ቅጣት ለማቆየት የሚያስችለው ራሳችሁ ወይም የትዳር ጓደኛችሁ አሁን ከሚሠራበት ሥራ የመጣ ኢንሹራንስ ነው። ኮብራ አይቆጠርም፤ የጡረተኛ ኢንሹራንስም እንዲሁ። ታክሲና ኡበር የሚነዱ ብዙ አባቶቻችን የያዙት የኦባማኬር ኢንሹራንስም አይቆጠርም። መሥሪያ ቤቱ ከ20 ሠራተኛ በታች ከሆነ ደግሞ ቀድሞ መክፈል ያለበት ሜዲኬር ስለሆነ፣ ፓርት ቢ ሳይኖራችሁ ብትታከሙ ሂሳቡ እናንተ ላይ ሊመጣ ይችላል።

4. ግሪን ካርድ ይዘው ለተከታታይ 5 ዓመት አሜሪካ የኖሩ ወላጆች እዚህ ሠርተው ባያውቁም ከ65 በኋላ ከፍለው መግባት ይችላሉ። ለእነሱ ጊዜው የሚቆጠረው 5 ዓመቱ በሚሞላበት ወር ዙሪያ ነው።

ጊዜው ያለፈባችሁም ተስፋ አትቁረጡ።

መጀመሪያ፣ ከሥራ ከወጣችሁ 8 ወር አልሞላ እንደሆነ ዛሬውኑ አመልክቱ። ሁለት ፎርም ነው፤ ሲኤምኤስ-40ቢ የምትሞሉት እናንተ ናችሁ፣ ሲኤምኤስ-ኤል564 ደግሞ አሠሪያችሁ የሚሞላው ነው። 8 ወሩ ካለፈ ከጃንዋሪ እስከ ማርች ባለው ጊዜ ተመዝገቡ፤ ከ2023 ወዲህ ሽፋኑ በሚቀጥለው ወር 1ኛ ቀን ይጀምራል። ሜዲኬይድ ተቋርጦባችሁ ከሆነ የ6 ወር ልዩ ጊዜ አላችሁ። ገቢያችሁ ዝቅተኛ ከሆነ ደግሞ በስቴታችሁ የሜዲኬይድ ቢሮ በኩል ሜዲኬር ሴቪንግስ ፕሮግራም የሚባለውን ጠይቁ። ተቀባይነት ካገኛችሁ የፓርት ቢን ክፍያ ስቴቱ ይከፍላል፣ ቅጣቱ ይነሳል፣ ጃንዋሪንም መጠበቅ የለባችሁም። እናቴ ገቢዋ ከወሰኑ በትንሹ ስላለፈ አላገኘችውም።

ቅጣቱ እንዲህ ይሰላል። ሙሉ 12 ወር በዘገየ ቁጥር 10 በመቶ ይጨመራል፤ ፓርት ቢ እስካላችሁ ድረስም አይነሳም። እናቴ ሁለት ሙሉ ዓመት ስላለፋት 20 በመቶ ሆነባት። በ2025 መደበኛው የወር ክፍያ 185 ዶላር ነበር፤ እሷ 222 ትከፍል ነበር። መደበኛው ክፍያ ሲጨምር ቅጣቱም አብሮ ይጨምራል። ፓርት ዲም የራሱ ቅጣት አለው፤ ተመጣጣኝ የመድኃኒት ሽፋን ሳይኖራችሁ በተከታታይ 63 ቀን ወይም ከዚያ በላይ አትቆዩ።

እስከ ጃንዋሪ የነበሩትን ወራት ያለፍነው በገቢ መጠን በሚያስከፍል የማኅበረሰብ ጤና ጣቢያ ነው። መድኃኒቷን በርካሽ አቻው ቀየሩላት፤ ሙሉ ኪኒን መዋጥ ጀመረች፤ በሁለተኛው ወር ግፊቷ 134 በ80 ወረደ። እባካችሁ፣ ገንዘብ ሲያጥር መድኃኒት አትክፈሉ፤ ለሐኪማችሁ ንገሩ። ብዙ የግፊትና የስኳር መድኃኒቶች ርካሽ አማራጭ አላቸው፤ እኛ ግን ካልነገራችሁን አናውቅም።

ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2025 ሽፋኗ ጀመረ። አዲሱ ካርድ ሲመጣ ሁለቱንም መስመር ጮክ ብላ አነበበችልኝ። ከዚያ «በየወሩ የሚቆረጠው 37 ዶላር የዝምታዬ ነው» አለች። የእሷ ብቻ አይደለም። እኔ በቀን ሃያ ሰው ስለ ጤናው እየጠየቅኩ፣ እናቴን «ኢንሹራንስሽ ከየት ነው?» ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅኳትም።

እናንተ ዛሬ ጠይቁ። ደውሉና «ካርድሽን አውጪና አንብቢልኝ» በሏት። አባታችሁንም እንዲሁ። ፓርት ቢ ከሌለ «ኢንሹራንሱ ከየትኛው ሥራ ነው? አሁንም እየተሠራ ነው?» ብላችሁ ቀጥሉ። መልሱ ግራ ካጋባችሁ ሶሻል ሴኩሪቲ በ1-800-772-1213 ይደወላል፤ «አማርኛ» ካላችሁ አስተርጓሚ በነፃ ያቀርባሉ። ያነጋገራችሁን ሰው ስምና ቀኑን ጻፉ።

ለወላጆቻችሁ ጤናና ዕድሜ ይስጥልኝ።