የገናዋ ተክላችን

የዛሬ ሁለት ዓመት አንድ ወንድማችን ለሕክምና ናይሮቢ ሄዶ ሲመለስ፣ አንዲት የፖይንሴቲያ ቅርንጫፍ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ አመጣልን። በአዲስ አበባ ግቢዎች ለገና ሰሞን የምትቀላዋ ተክል ናት። ከቁርጧ የሚወጣው ነጭ ወተት ቆዳ ያሳክካልና እስኪደርቅ ጠብቀን፣ ታቹ በሚስማር በተበሳ የዘይት ቆርቆሮ ተከልናት።

አገሯ ሜክሲኮ ነው። ስሟ ግን እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ ወደ አገሩ የላካት የአሜሪካው ዲፕሎማት የጆኤል ፖይንሴት ነው። ዛሬ ከኢትዮጵያ እርሻዎች ቁርጥራጯ በአውሮፕላን ወደ አውሮፓ ይሄዳል። ለእርሷ የጤና ምስክር ወረቀት ይበቃታል።

አምና ለገና አልቀላችም። በቤታችን ክርክር ተነሣ። ውኃ በጀሪካን በሚለካበት ሰፈር፣ ለማያፈራ ለማያብብ ተክል አንድ ኩባያ ማፍሰስ ግፍ ነው ያሉ ነበሩ። እማማ ግን፣ «ልጆቼ፣ ከእኔ ድርሻ ቀንሱ» አሉ። ከዚያ ወዲያ የተናገረ የለም።

ምክንያቱን ያወቅነው ዘግይተን ነው። ቀይ አበባ የምንለው ቅጠል ኖሯል፤ እውነተኛው አበባ መሐሉ ላይ ያለው ትንሹ ቢጫ ነው። ቅጠሉ እንዲቀላ ከ8 እስከ 10 ሳምንት በየሌሊቱ 14 ሰዓት ያህል ያልተቋረጠ ጨለማ ይፈልጋል። የእኛዋ የቆመችው በመስኮቱ ሥር ነው፤ በመስኮቱም የጥበቃው መብራት ሌሊቱን ሙሉ ይገባል። መብራቱ እንዲተከል የለመንነው ደግሞ እኛው ነን፤ እኅቶቻችን ማታ ወደ መጸዳጃ ሲወጡ ክፉ እንዳያገኛቸው ብለን። ስለዚህ ይጥፋ አንልም።

ዘንድሮ ከጥቅምት አጋማሽ ጀምሮ ተራ ገባን። ከቀኑ 11 ሰዓት የብስኩት ካርቶን እንደፋባታለን፤ ጠዋት 1 ሰዓት አንሥተን ብርሃን እናሳያታለን። ውኃ የምትጠጣው የአፈሩ ላይ ሲደርቅ ብቻ ነው፤ ሲበዛ ሥሯ ይበሰብሳል። ተረኛው የረሳ እንደሆነ እማማ ሳይቆጡ ራሳቸው ይከድኗታል።

ይህን ስንጽፍ ኅዳር ሊያልቅ ነው። ከጫፏ ሦስት ቅጠሎች ጠርዛቸው ቀልቷል። እማማ አራት ናቸው ይላሉ። እኛም አራት ብለን ጽፈናል።