ክንዷን ያላነሳችው ሚዜ

ከፋሲካ በኋላ የአዲስ አበባው ልደታ ሰፈር ሰርግ ነው። በኮንዶሚኒየሙ ግቢ ድንኳን ይጣላል፣ የመኪና ጥሩንባ ይነፋል፣ ሚዜዎች አንድ ዓይነት ቀሚስ ለብሰው ከደረጃው ይወርዳሉ። ቀሚሱ ትከሻ የለውም። ዘፈኑ ሲጀመር ዓይኔ የሚሄደው ደረቷ ሞላ ወዳለችው ሚዜ ነው። ጓደኞቿ ትከሻቸውን ሲሰብቁ እሷ ክርኗን ከጎኗ አጣብቃ በአንገቷ ብቻ ትጨፍራለች። ከዚያ ዞር ትልና ቀሚሱን ከብብቷ ሥር በሁለት እጇ ወደ ላይ ትስባለች። «ይቺ ጭፈራ አትችልም» የሚል ሰው አይጠፋም። ትችላለች። የያዛት ከቀሚሱ ሥር ያለው፣ ማንገቻ የሌለው ጡት ማስያዣ ነው።

*

ጉራግኛ ቢሆን እግሯ ይሠራላት ነበር። እስክስታ ግን ትከሻ፣ አንገትና ደረት ነው። ጡት በራሱ አጥንትም ጡንቻም የለውም፤ የሚይዘው ቆዳውና ውስጡ ያሉት ስስ ጅማቶች ናቸው። ስለዚህ ደረት ሲርገበገብ ጡት ተከትሎ ይንቀሳቀሳል፤ ከበድ ባለ መጠን ልብሱን ወደ ታች ይጎትታል። ከውጭ የሚመጣው ጡት ማስያዣ ሲሠራ ይህን ጭፈራ ያሰበ የለም።

*

ብዙዎቻችን ጡትን የሚሸከመው ማንገቻው ይመስለናል። አብዛኛውን ክብደት የሚሸከመው በጎድን ዙሪያ የሚያልፈው ላስቲክ ነው። ማንገቻ የሚያግዘው ጥቂት ነው፤ ደግሞም ላስቲኩ ሲላላ ጉድለቱን ይሸፍናል። ትከሻቸው ላይ የማንገቻ ጉድጓድ የወጣባቸውን ሴቶች አውቃለሁ። ዓመታት ሙሉ ላስቲኩ መሥራት የነበረበትን ሥራ ትከሻቸው ሠርቷል። ማንገቻው የተነሳ ቀን እውነቱ ይወጣል።

*

በአዲስ አበባ ጡት ማስያዣ የሚጠየቀው በቁጥር ነው፦ 34፣ 36፣ 38፣ 40። ፊደሉን የሚጠይቅ ገዢም ሻጭም ጥቂት ነው። ቁጥሩ የሚነግረን የጎድንን ዙሪያ ነው። ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ የሚሉት ፊደላት ደግሞ ከጡት ሥር ያለው ዙሪያና በጡት ጫፍ ላይ ያለው ዙሪያ ምን ያህል እንደሚለያዩ ይናገራሉ። ፊደላቱን ከጡት መጠን ጋር ያያያዘው እ.ኤ.አ. በ1932 ካምፕ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ነው። መቶ ዓመት ሊሞላው ነው፤ እኛ ዘንድ ግን ገና ግማሹ መለኪያ ብቻ ነው የሚሠራው።

ግማሹ ብቻ ሲሠራ የሚሆነውን በቁጥር ላሳይ። ከጡቷ ሥር 75 ሳንቲም ሜትር፣ በጡቷ ጫፍ ላይ 94 ሳንቲም ሜትር የምትለካ ሴት አለች እንበል። ልዩነቱ 19 ነው፤ በአውሮፓ አለካክ 75 ዲ ትባላለች። ሱቅ ላይ በምናውቀው ቁጥር 34 ናት፤ የሚያስፈልጋት ጡት የሚያርፍበት ጎድጓዳው ሰፋ ያለ 34 ነው። ሻጩ ግን ደረቷን በዓይኑ ይመዝንና 40 ያወጣላታል። 40 የተሠራው ከጡቷ ሥር 90 ሳንቲም ሜትር ገደማ ለምትለካ ሴት ነው። ጡቷ ይገባል፤ ላስቲኩ ግን 15 ሳንቲም ሜትር ይተርፋል። ማንገቻ ቢኖረው አሳጥራው ትኖርበት ነበር። ማንገቻ ከሌለው ገና ሙሽራዋ ሳትገባ ወገቧ ላይ ይወርዳል።

*

ሻጩ ቁጥር ሲያልቅበት «እህቴ፣ ላንቺ የሚሆን የለም» ይላል። ክፋት የለውም፤ የሚናገረው ስለያዘው ዕቃ ነው። እሷ ግን የምትሰማው ስለ ሰውነቷ ነው። ከዚያ ሱቅ የምትወጣ ሴት «ጡቴ አስቸገረኝ» ስትል እንጂ «ዕቃው አልተሟላም» ስትል አልሰማሁም። ይሄ ያንገበግበኛል። ሁለት ጫማ ጠቦን ስንመለስ እግራችንን አንወቅስም።

*

ሰፋ ያለ ፊደል የሚገኘው ብዙ ጊዜ ሰልባጅ ውስጥ ነው። ከልደታ በአብነት በኩል መርካቶ ቅርብ ነው፤ ያወቁበት ሴቶች ከክምሩ ውስጥ ወፍራም ላስቲክና ሦስት አራት መንጠቆ ያለውን ይመርጣሉ። ዓይናቸው ልክ ነው፤ ላስቲኩ ሰፊ ሲሆን ክብደቱ በሰፊ ቦታ ላይ ያርፋል። ችግሩ ላስቲክ በመልበስና በማጠብ ብዛት የሚደክም ነገር መሆኑ ነው። ማንገቻ ላለው ጡት ማስያዣ የደከመ ላስቲክ ያስቸግራል፤ ማንገቻ ለሌለው ግን ያለው ላስቲኩ ብቻ ነው። ስትገዙ ሳቡትና ልቀቁት። ፈጥኖ ካልተመለሰ ተዉት።

*

ልደታ መርካቶ የሚባለውን የገበያ ሕንፃ ሳልፍ ቀና ብዬ አየዋለሁ። የነደፉት የካታሎኒያው አርክቴክት ሻቪየር ቪላልታ እ.ኤ.አ. በ2013 በቴድ መድረክ እንዳስረዱት፣ ግድግዳው ላይ ያሉት ቀዳዳዎች የተወሰዱት ከኢትዮጵያ ሴቶች የባህል ቀሚስ ጥለት ነው። መስታወት በመስታወት የሆነ ሕንፃ ለዚህ ከተማ ፀሐይ እንደማይስማማም አስበውበታል። ሕንፃው ለአገሩ አየር ተለክቶ በተሠራበት ሰፈር፣ ቀሚስ ለለባሿ ሳይለካ መቅረቱ ይቆጨኛል።

*

ትከሻ አልባ ቀሚስ ሞላ ባለ ደረት ላይ አይቆምም የሚሉ አሉ። እ.ኤ.አ. በ1946 በወጣው «ጊልዳ» ፊልም ላይ ሪታ ሄይዎርዝ ትከሻ የሌለው ጥቁር ቀሚስ ለብሳ፣ እጇን ወደ ላይ ዘርግታ ትጨፍራለች። ቀሚሱ ንቅንቅ አይልም። ምክንያቱም ልብስ አዘጋጁ ዣን ልዊ ከውስጡ በሰውነቷ ልክ ደጋፊ አጽም ሠርቶለት ነበር፤ ከጡት ሥር ጠንካራ ጥብጣብ፣ መሀልና ግራ ቀኝ ቀጥ ያሉ ዘንጎች። ቀሚሱን ያቆመው ስፌት ነው።

*

ያ ስፌት ልደታም ሊሠራ ይችላል። ጎበዝ ልብስ ሰፊ ከቀሚሱ ውስጥ ወገብ ላይ የማይለጠጥ ጥብጣብ ይሰፋል። ጥብጣቡ መጀመሪያ ለብቻው ይቆለፋል፣ ከዚያ ዚፑ ይዘጋል። የውስጥ መቀነት ማለት ነው። የቀሚሱ ክብደት ወገብ ላይ ያርፋል፤ ደረት ላይ አይንጠለጠልም። ጎድጓዳዎቹን እዚያው ገበሩ ላይ መስፋትም ይቻላል፤ ያኔ ቀሚሱና ጡት ማስያዣው አንድ ይሆናሉ፣ አንዱ ሲወርድ ሌላው አይቀርም። የኪራይ ቬሎ የምትለብስ ደግሞ ጀርባው ዚፕ ከሆነው ይልቅ በክር የሚታሰረውን ብትመርጥ ይሻላታል፤ ክሩ እንደ ጎድኗ ይጠብቃል።

ዋጋው ይጨምራል፤ አልክድም። ነገር ግን ለአበባና ለመኪና ጌጥ የማይሰስት ሰርግ፣ ለጥብጣብ ሲሰስት አይገባኝም።

*

የሚለጠፈው የሲሊኮን ጡት ማስያዣ ለሞላ ደረት አይመከርም። ይሸፍናል እንጂ አያነሳም፤ ላብ ሲነካውም ይለቃል። ከዚያ የባሰው በየቤቱ ያለ የካርቶን ፕላስተር ነው። የጡት ቆዳ ስስ ነው፤ ፕላስተሩ ሲነሳ ይዞት ይነሳል። ከሰርግ ማግስት ቁስል የምታክም ልጅ ማየት አልፈልግም።

*

በተክሊል የምታገባ ሙሽራ ካባ ትደርባለች። ልደታ ማርያም ቅጥር ውስጥ ቀሚሷን ወደ ላይ የምትስብ ሙሽራ አላየሁም፤ ከካባው ሥር ማንገቻ ቢኖር ማን ያያል? ጣጣው የሚመጣው ካባው ወልቆ ወደ አዳራሹ ሲኬድ ነው። አንዳንዴ አንዲት አክስት ነገሩ ይገባትና ነጠላዋን አውልቃ ትከሻዋ ላይ ጣል ታደርግላታለች። ልጅቱ ወዲያው ፊቷ ይፈታል፤ ክንዷም ይነሳል።

*

ስለ አራሶች አንድ ነገር ልበል። ክርስትና ለወንድ በ40፣ ለሴት በ80 ቀን ነው። እናቲቱ በዚያ ሰዓት ወተቷ ሞልቶ፣ ደረቷ ከወትሮው ገዝፎ፣ ሕፃኑም በየሰዓቱ የሚፈልጋት ናት። ለፎቶ ተብሎ ጠብቆ የታሰረ ትከሻ አልባ ቀሚስ ሲያለብሷት አይቻለሁ። ለረጅም ሰዓት የተጨቆነ ጡት ወተቱ ሊቋጠርና ሊያብጥ ይችላል። ማንገቻ ያለው፣ ከፊት የሚከፈት ያልብሷት። ፎቶው ይደርሳል።

*

ሱቅ ያላችሁ፣ ሜትር ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡ፤ የምትለካ ሴት ሠራተኛና የሚዘጋ መጋረጃ ይኑራችሁ። ስታስመጡ በየቁጥሩ ሰፋ ያለውን ፊደል ጨምሩ፤ ገዢው አለ፣ ልደታ ውስጥ በየቅዳሜው አየዋለሁ። ልብስ ሰፊዎች፣ ቀሚሱን ስታስለኩ ቀጥ ብላ እንድትቆም ብቻ አትጠይቋት። እዚያው እስክስታ ትምታላችሁ፤ ቀሚሱ ከወረደ ሥራው አላለቀም።