የታናሹ ታንክ ቀለም

ሰው የሚያደንቀውንም ሆነ የሚፈራውን ነገር በትንሹ ሠርቶ በእጁ ይዞ ለማየት ይወዳል። እረኛው ከጭቃ በሬ ይሠራል፤ ሕፃኑ ከቆርቆሮና ከሽቦ መኪና ይሠራል፤ መሐንዲሱም ድልድዩን ከመሥራቱ በፊት አምሳያውን በጠረጴዛ ላይ ያቆማል። ይህ ልማድ ለጨዋታ ብቻ የተሰጠ አይደለም፤ ትልቁን ነገር በዐይናችን ልክ አድርገን ካላየነው ዙሪያውን ለመመርመር ስለማይመቸን ነው እንጂ። ዛሬ ለአንባቢ የማቀርበውም ጨዋታ የሚመስል፣ ነገር ግን ላሰበው ሰው ቁም ነገር የሚገኝበት አንድ የእጅ ሥራ ነው፤ እርሱም የታንክን ታናሽ አምሳያ ገጣጥሞ፣ ቀለም ቀብቶ መጨረስ ነው።

የዚህ ሥራ ወዳጆች በብዙ አገር ይገኛሉ። አምሳያው በፕላስቲክ ተቀርጾ፣ ክፍል ክፍሉ በቅርንጫፍ ላይ እንዳለ ፍሬ በቀጭን ዘንግ ላይ ተያይዞ በሣጥን ይሸጣል። ልኩ ብዙውን ጊዜ ከእውነተኛው ታንክ ከ35 እጅ አንዱ ነው። ይህ ልክ የጦር ሊቃውንት መክረው የወሰኑት አይደለም። በጃፓን አገር በሺዙኦካ ከተማ የሚገኘው ታሚያ የተባለው ኩባንያ፣ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ፓንተር የተባለውን የጀርመን ታንክ ሲሠራ፣ የሚያንቀሳቅሰው ሞተርና የባትሪ ድንጋዮቹ በሆዱ እንዲገቡለት ብሎ ስፋቱን ወሰነ፤ ኋላ ቢለካ ከእውነተኛው 35ኛ እጅ ያህል ሆኖ ተገኘ። ሌሎችም ሠሪዎች ያንኑ ተከተሉ። እንዲህ ሆኖ በባትሪ ድንጋይ የተወሰነው መጠን የብዙ አገር ሰው መለኪያ ሆነ።

እኔ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ቀኑን ከፋይል ጋር እውላለሁ፤ ማታ ከራት በኋላ መብራቱን ወደ ጠረጴዛዬ አስጠግቼ ከብሩሽ ጋር አመሻለሁ። ካለፈው ዓመት ጀምሮ የያዝሁት፣ የአጎቴ ልጅ ከዋሽንግተን ሲመጣ ያመጣልኝ የጣልያን ታንክ አምሳያ ነው። እውነተኛው በ1933 እ.ኤ.አ. የተሰየመ፣ በእንግሊዞች ትንሽ ታንክ አርአያ የተሠራ፣ ሁለት ሰው ብቻ የሚይዝና ክብደቱ ከ3 ቶን ጥቂት የሚያልፍ ነበር፤ በ1928 ዓ.ም. ወደ አገራችን ከገባው የፋሺስት ጦር ጋር የመጣውም ይኸው ነው።

ሥራው እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ክፍሎቹ በሳሙና ውኃ ይታጠባሉ፤ ከቅርጻቸው ሲወጡ የያዙት ቅባት ቀለም አያስይዝምና። ከዚያ በፒንሳ እየተቆረጡ፣ ጠርዛቸው በብርጭቆ ወረቀት እየተፋቀ፣ በማስቲሽ ይጋጠማሉ፤ ክፍተቱም በስቱኮ ይደፈናል። በላዩ ስስ ግራጫ ቀለም ይቀባል። ይህ መደቡ ነው፤ የመደቡም ጥቅም ማሳመር አይደለም፤ ዐይን ያላየውን ጭረትና ጣት ያላገኘውን ጉድለት ሁሉ ማጋለጥ ነው። ዋናው ቀለም የሚከተለው ያ ሁሉ ከታረመ በኋላ ነው። ቀለሙ በወፍራሙ የተለጠፈ እንደ ሆነ የብሎኑን ራስ ስለሚውጠው፣ ቀጥኖ ሁለት ሦስት ጊዜ፣ አንዱ ሲደርቅ በሌላው ላይ ይደረባል። ደግሞም ከእውነተኛው ጥቂት መንጣት ይገባዋል፤ ሩቅ ያለ ተራራ ገርጥቶ እንደሚታይ ሁሉ፣ ታናሽ አምሳያም በሩቅ እንደሚታይ ትልቅ ነገር ነውና።

እስከዚህ ድረስ የተሠራው ገና ከፋብሪካ የወጣ ታንክ ነው። ሕይወት የሚዘራበት ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ነው። የዘይት ቀለም በአኳራጅ ቀጥኖ የቀጠነ ቡና ሲመስል በብሎኑ ግርጌና በስንጥቁ ውስጥ ይሰዳል፤ እርሱ ጥላ ይሆናል። ቀጥሎ ያረጀ ብሩሽ ነጣ ባለ ቀለም ይነከርና በጨርቅ ተጠርጎ ሊደርቅ ሲቃረብ በጠርዙ ላይ ይታሻል፤ እርሱ ብርሃን ይሆናል። የተላላጠው ቀለም በስፖንጅ ቁራጭ ነካ ነካ ይደረጋል፤ መሬት ሲፍቀው የሚያበራው የሰንሰለቱ ጥርስ በእርሳስ ዱቄት ይታሻል። የጭስ ማውጫው ይዝጋል፤ አዲሱ ዝገት ብርቱካን ይመስላል፤ የቆየው ግን ወደ ጥቁረት ያደላ ቡናማ ነው። አቧራው በላይኛው ሜዳ ላይ፣ ጭቃው በታችኛው ጎን ይቀመጣል። በመጨረሻ የማያብለጨልጭ ቨርኒሽ ሁሉን ያስተካክለዋል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ሕግ አለ፤ ምክንያት የሌለው እድፍ አይደረግም። ወታደሩ ሲወጣና ሲወርድ እግሩ የሚያርፈው የት ነው? እጁ የሚይዘው የትኛውን ጠርዝ ነው? ዝናቡ በየት በኩል ይወርዳል? ለእያንዳንዱ ጭረት መልስ የሌለው ሰው አምሳያውን ያቆሽሸዋል እንጂ አይጨርሰውም። እኛ የመዝገብ ቤት ሰዎች ይህን ሕግ እናውቀዋለን፤ ቀንና ፊርማ የሌለው ወረቀት በፋይል ውስጥ ቢገኝ ምስክርነቱ ደካማ ነው።

አንባቢ ልብ ብሎ እንደ ሆነ፣ ከላይ የጠራኋቸው የሙያ ቃላት አያሌዎቹ የጣልያን ናቸው፤ ፒንሳ፣ ስቱኮ፣ ማስቲሽ፣ አኳራጅ። ታንኩን ያመጡት ሰዎች ከሄዱ ዘመን አልፏል፤ የመሣሪያቸው ስም ግን በግንበኛውና በቀለም ቀቢው አፍ አማርኛ ሆኖ ቀርቷል። በእነርሱው ቃል የእነርሱን ታንክ መቀባቴ አንዳንድ ማታ ብቻዬን ያስቀኝ ነበር።

ሳቄን ያቆመው የአያቴ ታናሽ እኅት ጥያቄ ነው። እማማ ከጎጃም መጥተው ከእኛ ዘንድ ሰንብተው ነበር። የተወለዱት በ1928 ዓ.ም. ነው፤ አባታቸው ከጎጃም ጦር ጋር ተከዜን ተሻግረው አልተመለሱም፤ እማማም አባታቸውን አላዩአቸውም። አንድ ማታ ከአጠገቤ ተቀምጠው ሥራዬን ሲመለከቱ ቆዩና፣ «ልጄ፣ ይህ ምንድን ነው?» አሉኝ። ነገርኋቸው። ዝም አሉ፤ ቀጥለውም፣ «አባቴን የወሰደውን ነገር ነው እንዲህ የምታቆነጀው?» አሉኝ። ቁጣ አልነበረበትም፤ እንዲያውም ቁጣ ቢኖርበት ይቀለኝ ነበር። ብሩሹን አስቀመጥሁ።

በእውነትም ጥያቄው ቀላል አይደለም። የጥንት ሠዓሊዎቻችን የጠላትን ነገር የሚፈቱበት የራሳቸው መንገድ ነበራቸው፤ ጻድቁን ፊት ለፊት ባለ ሁለት ዐይን፣ ክፉውን በጎኑ ባለ አንድ ዐይን ይሥሉት ነበር። በአድዋ ጦርነት ሥዕሎችም የጣልያን ሠራዊት በጎኑ ይታያል። የሚከበረው ሰው ከሌላው ገዝፎ ይሣላል። ይህ ጥበብ ፍርዱን በግልጥ ይናገራል። የአምሳያ ሠሪ ግን ይህ መብት የለውም፤ ልኩን ሊያዛባ አይችልም። እንግዲህ የሚቀረው፣ የታንኩን እውነት ሁሉ መናገር ነው።

እውነቱን ፍለጋ ወደ ደምበጉና መሄድ ግድ ሆነብኝ። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. የልዑል ራስ እምሩ ጦር ተከዜን ተሻግሮ በሽሬ በደምበጉና በር ከእነዚህ ታንኮች ጋር ተጋጠመ። ታንኩ የሚዞር ጉልላት የለውም፤ መትረየሱ ወደ ፊት የተተከለ ስለ ሆነ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚዞረው በጥቂቱ ብቻ ነው። ድንጋያማው ጠባብ መንገድ ደግሞ ፍጥነቱን ነሣው። የእኛ ሰዎች ይህን አይተው በጎንና በኋላ እየተጠጉ ብዙዎቹን ከጥቅም ውጭ አደረጓቸው። ነገር ግን ድሉ ዕድሜ አላገኘም፤ በዚያው ወር ከሰማይ የመርዝ ጭስ በተከዜ ላይ ወረደ፤ በታንክ ያልተበተነው ሠራዊት በመርዝ ተቃጠለ። የእማማ አባት በየትኛው ቀን እንደ ወደቁ የሚናገር ወረቀት የለም።

ስለዚህ ታንኩን ለሰልፍ እንደ ወጣ አድርጌ አልጨረስሁትም። በደምበጉና ድንጋይ ላይ አስቀመጥሁት፤ አንዱ ሰንሰለት ወልቋል፤ የላይ መክደኛው ክፍት ነው፤ የቆላው አቧራ በላዩ ተኝቷል። በአጠገቡ ነጭ የለበሰ፣ ጠመንጃ የያዘ አንድ ሰው ለማቆም ተነሣሁና በልኩ አሰላሁት። ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 የሆነ ሰው ለ35 ሲካፈል 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ይመጣል። የታንኩ ቁመት 1 ሜትር ከ28 ነው፤ እርሱም 3 ሳንቲ ሜትር ተኩል ጥቂት ቢያልፍ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ባቆማቸው ሰውየው ከታንኩ በለጠ። ሠዓሊው በፍርዱ የሚያገዝፈውን ሰው፣ እዚህ ማስመሪያው ራሱ አገዘፈው።

ለእማማ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ፤ «ይህን ታህል ኖሯል?» አሉ። በልጅነታቸው ሲነገራቸው ቤት የሚያህል ይመስላቸው ነበር። ከዚያ በጣታቸው ታንኩን ሳይሆን ሰውየውን ነክተው፣ «እንዲህ ድረስ ቀርበውታል ማለት ነው» አሉ። እኔም፣ «አዎን እማማ፣ መክደኛውን በእጅ እስኪነኩት ቀርበውታል» አልኋቸው። ሌላ አልተናገሩም፤ ነገር ግን ወደ አገራቸው እስኪመለሱ ድረስ እንግዳ በመጣ ቁጥር ከመደርደሪያው አስወርደው ያሳዩ ነበር።

ከዚህ የተማርሁት ይህ ነው። የጠላትን መሣሪያ በወሬ ማግዘፍ የወደቁትን ሰዎች የሚያከብር ይመስላል፤ ነገር ግን ጀግንነታቸውን ይሸፍነዋል፤ ግንብ ከሚያህል ነገር ጋር የተጋጠመ ሰው ከዕድሉ በቀር የሚመሰገንበት የለውምና። ትክክለኛው ልክ ግን ምን ያህል እንደ ተጠጉ፣ ከመትረየሱ አፍ በስንት ክንድ እንደ ራቁ ያሳያል። መርዙ ለምን እንደ መጣም ያስረዳል፤ በብረቱ ብቻ የማይሸነፍ ሕዝብ ተገኝቶ ነበርና።

ስለዚህ የታሪክ መምህራን ይህን ለተማሪዎቻቸው እንዲያሠሩ እመክራለሁ። ከውጭ የሚመጣው ፕላስቲክ የግድ አይደለም፤ ካርቶንና ማስመሪያ ይበቃል። ርዝመቱን 9፣ ወርዱን 4፣ ቁመቱን 3 ተኩል ሳንቲ ሜትር ከትንሽ ትርፍ ጋር ያድርጉት፤ ጭቃ ያስነኩት፤ የጭስ ማውጫውንም ያዝጉት። ከዚያ 5 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ሰው በአጠገቡ ያቁሙና ተማሪው ራሱ ይመልከት።