የተማሪ ማደሪያና የሕግ በር

ተማሪዎች ሆይ! በዋግ ደጋ በማናቸውም መንደር ወደ ሰው ቤት የሚመጣ እንግዳ ዘው ብሎ አይገባም። ከደጅ ቆሞ በአማርኛም ሆነ በኽምጣና ድምፁን ያሰማል፤ የቤቱ ባለቤት ይግቡ ሲለው ደፉን ይሻገራል። ባለቤቱ ድኻ ቢሆን፣ ቤቱም ባዶ ቢሆን፣ ሥርዓቱ አይለወጥም። የሚከበረው በቤቱ ውስጥ ያለው ንብረት ሳይሆን በቤቱ የሚያድረው ሰው ነውና።

ላነሣላችሁ የፈለግሁት ጥያቄ ይህ ክብር ለተማሪ ማደሪያም ይገባል ወይስ አይገባም የሚል ነው። ነገሩ ከእናንተ የራቀ አይደለም። ከመካከላችሁ ከገጠር ቀበሌ ስንቁን ተሸክሞ መጥቶ፣ በሰቆጣ ከተማ አንዲት ክፍል ተከራይቶ የሚማር ይኖራል። ከጥቂት ዓመታት በኋላም ፈተናውን ያለፈው ወደ ወልድያ፣ ወደ ጅማ ወይም ወደ ሐዋሳ ተመድቦ፣ ከማያውቃቸው ልጆች ጋር በአንድ የዩኒቨርሲቲ መኝታ ክፍል ይኖራል። ክፍሉም አልጋውም የመንግሥት ነው። ታዲያ ሕግ አስከባሪው በፈለገው ሰዓት ገብቶ የተማሪውን ሻንጣ ሊበረብር ይችላልን?

እኔ አይችልም ባይ ነኝ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 ማንኛውም ሰው መኖሪያ ቤቱ፣ ሰውነቱና ንብረቱ እንዳይበረበር መብት እንዳለው ይደነግጋል። መብቱን የሰጠው ለሰው ሁሉ ነው እንጂ የራሱ ቤት ላለው ብቻ አይደለም። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም አሠራሩን ዘርዝሯል። ይኸውም ፖሊስ ቤት ለመበርበር የፍርድ ቤት ማዘዣ መያዝ አለበት፤ ማዘዣው የሚፈለገውን ዕቃ ለይቶ ይገልጻል፤ ፍርድ ቤቱ በግልጽ ካልፈቀደ በቀርም ብርበራው የሚካሄደው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ሆኖም ሕጉ ለአስቸኳይ ጊዜም መንገድ ትቷል። እግር በእግር የሚባረር ወንጀለኛ ወደ ቤት ቢገባ፣ ወይም የከባድ ወንጀል ማስረጃ ማዘዣው እስኪወጣ ድረስ ይሸሻል ተብሎ በበቂ ምክንያት ቢታመን፣ ፖሊስ ያለ ማዘዣ ሊገባ ይችላል።

ኃይል ከሕግ ቀድሞ ወደ ትምህርት ቤት ግቢ ሲገባ ምን እንደሚከተል የአገራችን ታሪክ ያስተምረናል። ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ.ም. ምሽት፣ በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት የነበረው ጥላሁን ግዛው በጥይት ተመትቶ ሞተ። ተማሪዎች አስከሬኑን ወደ ስድስት ኪሎ ግቢ ወሰዱት። በማግሥቱ የክቡር ዘበኛ ወታደሮች ወደ ግቢው ዘልቀው ለልቅሶ በተሰበሰቡት ላይ ተኮሱ፤ የሞቱም የቆሰሉም ነበሩ። በሚያዝያ 1993 ዓ.ም. ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ካቀረቧቸው ጥያቄዎች አንዱ የታጠቀ ፖሊስ ከግቢያችን ይውጣልን የሚል ነበር። ፖሊስ በኃይል ወደ ግቢው ገባ፤ ሁከቱም ወደ ከተማው ተዛምቶ ከ30 በላይ ሰዎች ሞቱ።

እንግዲህ ፖሊስ ከዩኒቨርሲቲ ደጅ ጨርሶ አይድረስ እንበልን? ይህንንም ለማለት አልደፍርም። በጥቅምት 2012 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ለሰቆጣ ሩቅ ባልሆነው በወልድያ ዩኒቨርሲቲ፣ በተማሪዎች መካከል በተነሣ ግጭት ሁለት ተማሪዎች ሕይወታቸውን አጡ። በዚያው ዓመት የፌዴራል ፖሊስ በበርካታ ዩኒቨርሲቲዎች ተሰማራ። ልጁን ሩቅ አገር የላከ አባት ይህን ሰምቶ ጠባቂው የት ነበር ብሎ ቢጠይቅ ማን ይፈርድበታል?

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። በ1966 ዓ.ም. የግሪክ ወታደራዊ መንግሥት ታንክ የአቴና ፖሊቴክኒክን በር ሰብሮ ገባ። አገሪቱ ይህን ባለመርሳት በ1974 ዓ.ም. ፖሊስ ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ እንዳይገባ የሚከለክል ሕግ አወጣች። ነገር ግን ወንጀለኞች ግቢውን መሸሸጊያ አድርገውታል የሚል ክርክር ተነሥቶ፣ ከብዙ ውዝግብ በኋላ በ2011 ዓ.ም. ጥበቃው ተሻረ።

እኔ ከሁለቱ ጫፎች አንዱንም አልመርጥም። ፖሊስ ይግባ፤ ነገር ግን በሕግ በር ይግባ። ይህን የምለው ስለ ክብር ብቻ ሳይሆን ስለ ደኅንነትም ብዬ ነው። በእኩለ ሌሊት በሩ ተሰብሮ፣ ደብተሩ ተበትኖ፣ በዱላ የተቀሰቀሰ ተማሪ በማግሥቱ ከጎኑ ባለው ፍራሽ ሥር ስለት ተደብቆ ቢያይ ለማን ይነግራል? ፖሊሱን ፈርቶ ዝም ይላል፤ ስለቱም በቦታው ይቆያል። ማዘዣውን አሳይቶ፣ የፈለገውን ብቻ ፈትሾ የሄደ ፖሊስ ግን ሌላ ቀን በችግር ጊዜ ይጠራል።

የእናንተም ድርሻ አለ። የሕግን ጥበቃ የሚሻ ተማሪ መኝታ ክፍሉን የጦር መሣሪያ መደበቂያ ሊያደርገው አይገባውም፤ የጓደኛውን ብሔር ቆጥሮ በሩን የሚደበድብም ስለ መብት ለመናገር አፍ አይኖረውም። በራችሁ ሲንኳኳም በእርጋታ ክፈቱ፤ ማዘዣውን ለማየት ጠይቁ፤ የተወሰደውን ዕቃ መዝግቡ፤ በደል ቢደርስባችሁ አቤቱታችሁን በጽሑፍ አቅርቡ። አባቶቻችን ጠብ ሲነሣ «በሕግ አምላክ!» ይሉ ነበር፤ ይህን የሰማ ሁሉ ጉልበተኛውም ቢሆን እጁን ይሰበስብ ነበር። ቃሉ የታጠቀውንም ያልታጠቀውንም እኩል ያቆማል፤ ፖሊሱንም ተማሪውንም ሊያስማማ የሚችለው ይኸው ነው።