«እኔን ተዉኝ»

የመሠረታዊ ሠራተኛ ማኅበር ምርጫ ላይ «እስኪ ጠቁሙ» ሲባል አዳራሹ በሙሉ የገዛ ጫማውን ማየት ይጀምራል። ከኋላ አንዱ እጁን ያወጣና አጠገቡ ያለውን ይጠቁማል። ተጠቋሚውም ወግ ነውና ብድግ ብሎ «እኔን ተዉኝ፣ ጊዜ የለኝም» ይላል፤ ጭብጨባው ሲደምቅ ግን እንደ ሙሽራ ተሽኮርምሞ ይቀመጣል። ስለ ኅብረት ስምምነቱ፣ ስለ ሰርቪሱ፣ ስለ ትርፍ ሰዓት ክፍያው ምን እንደሚያስብ ጠያቂ የለም። ተለምኖ የገባ ሰው ደግሞ ኋላ ሲወቀስ መልሱ አንድ ነው፦ «መቼ ምረጡኝ አልኳችሁ?»

ስለዚህ ፈልጎ፣ ልወዳደር ብሎ የቆመው ይሻላል። ወንበር የሚያሳሳው ያሰጋል ይባላል፤ እውነት ነው፤ ግን የተሽኮርማሚውስ ልብ ወንበሩን አልተመኘም ያለው ማን ነው? ፈላጊውን ቢያንስ አቁሞ መጠየቅ ይቻላል። ጊዜ የለኝም ለሚለውም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለማኅበር መሪዎች ሥራ ከደመወዝ ጋር ፈቃድ ይሰጣል። አሠሪው ጥርስ ይነክስብኛል ለሚለው ደግሞ አንቀጽ 26 አለ፦ የሠራተኞች ተወካይ ለመሆን መወዳደር ለስንብት ምክንያት አይሆንም። እርግጥ የአለቃ ፊት እንዳይጠቁር የሚከለክል አንቀጽ የለም፤ የሌሊት ፈረቃ ድልድሉንም የሚያወጣው እሱ ነው።