ሁለት አሮጌ ኮምፒውተሮች በመሐል ሜዳ

በመሐል ሜዳው ቤቴ፣ ከአልጋዬ ግርጌ፣ ሁለት አሮጌ ኮምፒውተሮች ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር፤ አንዱ ባለ 3 ጊጋኸርዝ ፔንቲየም 4፣ ሌላው ባለ 1.86 ጊጋኸርዝ ኮር 2 ዱዎ። የባንክ ሠራተኛ ነኝና ትልቁን ቁጥር አከበርሁ። ኋላ አንድ የሂሳብ ሠንጠረዥ በሁለቱም አስልቼ ባየው ባለ ትንሹ ቁጥር ቀድሞ ጨረሰ።

የእኔው ፔንቲየም እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ዝርያ ነው። አንዱን ትእዛዝ በ31 ደረጃዎች ያሳልፈዋል፤ ቅጽ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ እንደሚዞረው ማለት ነው። ቀጥሎ ስለሚመጣው የገመተው ሲስትበት ከኋላ የተሰለፈው ሁሉ ተጥሎ እንደገና ይጀመራል። በ2006 የመጣው ኮር 2 ዱዎ ደረጃዎቹን ወደ 14 አወረደ፤ በአንድ ምት የሚሠራውን አበዛ፤ ኮሩም ሁለት ነው። ሙቀቱ በ65 ዋት ሲገመት የዚያኛው ከ80 ያልፋል።

የእህቴ ልጅ ጽሕፈት ልትለማመድበት ብትጠይቀኝ ፈጣኑን ሰጠኋት፤ ቅር ሳይለኝ አይደለም። እኔ ግጥም የምጽፈው ሌሊት፣ ባና ተከናንቤ ነው። ጣቶቼ በብርዱ ሲደነዝዙ እጄን ወደ ፔንቲየሙ ጀርባ እሰዳለሁ። ትናንት ፋይሉ እስኪከፈት ስጠብቅ የመጨረሻውን ስንኝ በልቤ ሰረዝሁት።