ለአሮጌው ላንድ ሮቨር የጃፓን አልተርኔተር

በሻርጃ የሚሠራ አንድ ወንድማችን፥ አባቱ በገጠር ሰው ለሚያመላልሱበት በ1964 እ.ኤ.አ. ለተሠራ ላንድ ሮቨር፥ ከጃፓን መኪና የተፈታ አልተርኔተር ገዝቶ ሊልክ አስቦ ምክር ጠየቀኝ። ዕቃው ርካሽ ቢሆንም መኪናው የቤተሰቡ እንጀራ ነውና፥ መልሱን ለሁላችሁም ላካፍል ወደድሁ።

አሳቡ መልካም ነው። በዚያ ዘመን ላንድ ሮቨሮች ላይ የነበረው የሉካስ ሲ40 ዲናሞ በሙሉ ኃይሉ 22 አምፔር ያህል ብቻ ይሰጣል፤ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ግን ባትሪውን እምብዛም አይሞላም። ሌሊት በዝናብ፥ መብራትና የመስታወት መጥረጊያ አብረው ሲሠሩ፥ ባትሪው ካጠራቀመው እየበላ ይሄዳል።

ብዙዎች የሚጨነቁት ስለ ማሰሪያው ነው። ዲናሞው ረጅምና ቀጭን፥ አልተርኔተሩ አጭርና ወፍራም ስለሆነ የዱሮው ማሰሪያ አይሆነውም። ይህ ግን የብየዳ ጉዳይ ነው። የዘርዐ ክህነት ተማሪ ሳለሁ የሚሲዮኑ መካኒክ ከወፍራም ብረት ቆርጦ በግማሽ ቀን ሲጨርሰው አይቻለሁ። አጥብቆ የሚጠነቀቀው ፑሌጃዎቹ በአንድ መሥመር እንዲሰለፉ ብቻ ነበር፤ ከተዛነፉ ቺንጋው ይጮኻል፥ ቶሎም ያልቃል። ስትገዙም ባለ አንድ ቦይ ፑሌጃ ያለውን ምረጡ።

ዋናው አደጋ ከሽቦው ነው። በዚያን ጊዜ በእነዚህ መኪኖች ከአካሉ ጋር የሚታሰረው የባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ ነበር፤ የጃፓኑ አልተርኔተር ደግሞ ኔጌቲቩ እንዲታሰር ሆኖ የተሠራ ነው። ሳይገለበጥ ቢገናኝ በውስጡ ያሉት ዳዮዶች ወዲያው ይቃጠላሉ። ስለዚህ አስቀድሞ የባትሪው፥ የኮይሉና የአምፔር መለኪያው ሽቦዎች ቦታ ይለዋወጣሉ። አልተርኔተሩ መቆጣጠሪያውን በውስጡ የያዘ ከሆነ የዱሮው ሳጥን ከሥራ ይወጣል። ወደ ባትሪው የሚሄደው ሽቦም በወፍራም ይተካ፤ ያ ሁሉ አምፔር በቀጭን ሽቦ ቢያልፍ እሳት ሊነሣ ይችላል። በዳሽቦርዱ ላይ ያለችውን ትንሽ ቀይ መብራትም አትናቁ። አልተርኔተሩን የሚቀሰቅሰው የመጀመሪያ ኃይል ብዙ ጊዜ የሚያልፈው በእርሷ በኩል ነውና፥ አምፑሏ ከተቃጠለች ላይሞላ ይችላል።

ሆኖም በ60 ዓመት ውስጥ አንድ ሰው ገልብጦት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ወንድማችንን፦ «ከመግዛትህ በፊት አባትህ የባትሪውን ፎቶ አስነሥተው ይላኩልህ» አልሁት። ፎቶው ትናንት ደረሰው፤ ከአካሉ ጋር የታሰረው አሁንም ፖዘቲቩ ነው። ሽቦውን የሚለዋውጥ መካኒክ አባቱ እየፈለጉ ነው፤ እርሱም በዕረፍት ቀኑ ወደ ገበያው ይሄዳል።